የብራና መጽሐፍ በስልክ ካሜራ

ጥያቄ፦ ቤታችን ያለው የብራና መጽሐፍ ጽሑፉ ግዕዝ ነው፤ ኅዳጉ ላይ ግን የአማርኛ ማስታወሻዎች አሉበት። በስልክ አንሥተን፣ በኋላ በኮምፒውተር ቃል እየፈለግን ማጥናት እንችላለን? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ይቻላል። መጽሐፉን ግን ለጥ አድርጋችሁ አትዘርጉት፤ ስፌቱ ይላላል። ገበታዎቹን (የመጽሐፉን ሽፋኖች) በትራስ ደግፋችሁ 100 ዲግሪ ገደማ ብቻ ክፈቱት። ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ፍላሹ ይጥፋ። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይበቃል፤ ብራና ስለሚያብረቀርቅ ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ፊደሉን ይውጠዋል። የገጹ መጠን እንዲታወቅ ማስመሪያ አብሮ ፎቶ ይነሣ፤ ባዶ ቅጠልም አይዘለል። ጥራቱ በኢንች 300 ነጥብ ከሆነ፣ 20 ሳንቲሜትር ለሚረዝም ገጽ 2,400 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ኅዳጉን ቀረብ ብላችሁ ድገሙት፤ ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው።

ከፎቶው የተነበበው በኮምፒውተር ሲተየብ፣ ትልቁ ጣጣ ፍለጋው ላይ ነው። አንዱ ገጽ «ንጉሥ»፣ ሌላው «ንጉስ» ሊል ይችላል፤ ለኮምፒውተር ደግሞ ሠ እና ሰ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀም እንደዚያው። አታርሙት! አጻጻፉ ራሱ ማስረጃ ነው። ሁለት ዓምድ አዘጋጁ፦ አንዱ እንዳለ የተገለበጠ፣ ሌላው ሞክሼዎቹ (ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት) ለፍለጋ ወደ አንድ ፊደል የተጠቃለሉበት። በሦስተኛው ቋንቋውን መዝግቡ፤ ያለዚያ የግዕዙና የአማርኛው ቃል ይደበላለቃል።

በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ተይቡ። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በቀደሙት ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ ሲጠፋ ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ይቀራል።