ሙቀት ሲጨምር ጥድ ወዴት ይሄዳል? (የአባላት ጥያቄና የመምህሩ መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር፣ የአየር ንብረት ለውጥ ሀገር በቀሉን የሐበሻ ጥድ እንዴት ይነካዋል?

መልስ፦ በተራራ ላይ 100 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ለጥድ የሚስማማው ከፍታ 170 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይገፋል። ሽቅብ በተወጣ መጠን ግን መሬቱ ይጠባል፤ በዚያም ላይ አስታው (የደጋ ቁጥቋጦ)፣ ጓሳው (የደጋ ሣር)፣ የገብስ እርሻውና ግጦሹ ቀድመው ይዘውታል። ስለዚህ አደራ፣ ጥድ ወደፊት የት እንደሚስማማው በሚተነብይ ካርታ ላይ «ተስማሚ» የተባለ ቦታ አየሩ የተስማማ ቦታ እንጂ የግድ ደን የሚበቅልበት ቦታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጥድ ድርቅን የሚችል ዛፍ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የጎለመሰው ይችላል፤ ችግኙ ግን ሥሩ ጥልቅ እርጥበት ላይ ሳይደርስ በጋ ከደረሰበት ይደርቃል። በትግራይና በአፋር መካከል ባለው ገደል አፋፍ ላይ የሚገኘውን የደስአ ደን የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል፤ በቆሙበት የደረቁት ጥዶች በብዛት የታዩት በዝቅተኛው ከፍታ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በሳውዲ አረቢያ የአሲር ተራሮች፣ ይኸው የእኛው ጥድ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ሲመናመን ታይቷል። በሌላ በኩል ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ዛፎች በመሆናቸው፣ ብቻዋን የቀረች ሴቴ ጥድ የወንዴው ብናኝ በነፋስ ካልደረሳት ዘር አታፈራም። ዘሩን ሽቅብ የሚያደርሱት ወፎች ናቸው፤ በመካከል ማረፊያ ዛፍ የሌለው ሰፊ እርሻ ካለ ጉዞው ይቋረጣል።

አንድ አባል፦ የፈረንጅ ጥድ ቶሎ ስለሚደርስ እሱን ብንተክል አይሻልም?

ሌላ አባል፦ ለአጣና ይሆናል፤ ከሥሩ ግን እንደ ሀገር በቀሉ ደን ሌላ ተክል አያበቅልም። ባሕር ዛፍም የምንጫችንን ውኃ አሳንሶብናል።

የመጀመሪያው አባል፦ ገበሬው ማገዶ ከየት ያምጣ?

መልስ፦ የማገዶው ጉዳይ ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሌላ ዝርያ ስለሆነ፣ የእሱ መብዛት የሐበሻው ጥድ ተረፈ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ወደፊት ጥድ የት የት ይበቅላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ካርታው የአየሩን እንጂ የደኑን ቦታ አያሳይም።

ጥያቄ፦ እኛስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ አካባቢውና ከፍታው ሳይነገረኝ ለሁሉም የሚሆን መልስ መስጠት አልችልም። ጥድን በሚመለከት ግን፣ ዘሩ ድርቁን ተቋቁመው በታችኛው ጠርዝ ከቀሩት ዛፎች ይሰብሰብ፤ ከእነሱም በላይ ባለው ተዳፋት ተተክሎ፣ ችግኙ ፍየል ከሚደርስበት ቁመት እስኪያልፍ ድረስ ቦታው ከከብት ይከለል።