ቢቱን ተወው፤ ላይነሩን እየው

ኦኪናዋ አካባቢ ለማዕድን ጥናት በሚቆፍር መርከብ ላይ የሚሠራ ወንድማችን ጽፎልኛል። የባሕሩ ጥልቀት 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚቆፍሩትም ፍልውሃ ከሚወጣበት ወለል አጠገብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ላይ ኮሩ፣ ማለትም ተቆርጦ የሚወጣው የድንጋይና የጭቃ ዓምድ፣ ሙሉ ይመጣ ነበር። ዝቅ ሲሉ ግን ኮሩን የሚይዘው የብረት ቱቦ፣ ባሬሉ፣ ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይዝ ይወጣል፣ ውስጡ የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ፣ ላይነሩም፣ ተጨማዶ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። አለቃው "ቢት ቀይሩ" እያለ ነው፤ ቢት ድንጋዩን የሚቆርጠው የመቆፈሪያው ጫፍ ነው።

ወንድሜ፣ ቢቱን ተወው። ቢቱ አልቆ ቢሆን ቁፋሮው ይዘገይብህ ነበር፤ አንተ ግን ፈጥነን እየወረድን ነው ብለሃል። የተጨማደደ ላይነር የሚናገረው ሙቀትን ነው። ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኮሩ መግቢያ ያጣል፣ ከዚያ በኋላ የምትቆርጠው ሁሉ ተፈጭቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። "ቺክዩ" የተባለው የጃፓን መርከብም እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያው ኦኪናዋ፣ ኢሄያ ሰሜን ላይ ሲቆፍር ፕላስቲኩ ቀልጦበት ወደ አሉሚኒየም ላይነር ዞሯል።

ነገሩ እንዲገባህ ስለ ግፊት ላስረዳህ። ውሃ የሚፈላው በላዩ ያለው ግፊት ሲፈቅድለት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ባሕር ውስጥ ደግሞ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይጨመራል፤ 1,000 ሜትር ላይ 100 ባር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ግፊት ንጹህ ውሃ እስከ 311 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ኢሄያ ሰሜን ላይ ከፍልውሃው የተለካው ከፍተኛ ሙቀትም 311 ዲግሪ ነው፤ ለመፍላት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው የሚወጣው። ከጉድጓዱ በባሬል የያዝከውን ትኩስ ውሃ በዋየርላይን፣ ማለትም ባሬሉን በሚያወጣው የብረት ገመድ፣ ስትስበው ግፊቱ በየሜትሩ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ግን በዚያው ልክ አይወርድም። መንገድ ላይ ይፈላል። ኮር ወይም ጭቃ ጫፉን ከደፈነው እንፋሎቱ እንደታመቀ የመርከቡ ወለል ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ በባሬሉ ጫፍ ትይዩ ማንም አይቁም። ካቸሩን፣ ማለትም ባሬሉ ጫፍ ላይ ኮሩ እንዳይወድቅ በጣቶቹ የሚይዘውን ቀለበት፣ ከመፍታትህ በፊት በጎን ቆመህ ቀስ ብለህ አስተንፍሰው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ቢጠፋ ጋዙ ጠፋ አትበል፣ የጋዝ መለኪያው ደረትህ ላይ ይኑር።

ጥፋቱ የሙቀት መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል፣ በሙቀት ቀለሙን የሚቀይረውን ተለጣፊ ካቸሩ አጠገብ ለጥፈህ አውርድ። ግምቴ ትክክል ከሆነ ፕላስቲኩን አስቀምጥና አሉሚኒየም አስገባ። ባሬሉን ወደ ታች ከመልቀቅህ በፊት ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ደህና አድርገህ አዙር፣ ስትቆርጥ ፓምፑን ቀንስ፤ አለዚያ ለስላሳውን ሸክላ ያጥበዋል። አንዴ የምትቆርጠውን ርዝመት በግማሽ አሳጥር። ቆርጠህ ስትጨርስ ባሬሉን ታች አታቆየው።

ካቸሩን በተመለከተ፣ ያለፈው ፈረቃ የተሰበሩትን ጣቶች በብየዳ ቀጥሏቸዋል ብለሃል። ይህ ሥራ አይደለም! ጣቶቹ የስፕሪንግ ብረት ናቸው፤ ብየዳ ሲነካቸው መንጠራቸውን ያጣሉ፣ ኮሩን መያዝ ትተው ያሳልፉታል። አውጥተህ ጣለው። በርካሽ የሚገዛውን ስስ ካቸርም አታስገባ፤ የሰልፋይድ (ፍልውሃው የሚያከማቸው ማዕድን) ስባሪ አንዴ ከገባበት ጣቶቹ ታጥፈው ይቀራሉ። ለአንድ ቀን መርከብ የሚከፈለውን የሚያውቅ ሰው በካቸር ዋጋ እንዴት እንደሚከራከር አይገባኝም።

ሁሉን አስተካክለህም ሙሉ ኮር አትጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ1994 አትላንቲክ መካከል ታግ የተባለው የፍልውሃ ጉብታ ሲቆፈር በአማካይ የወጣው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ድንጋዩ ራሱ ፍርክስክስ ነው። አሉሚኒየም ገብቶም ባሬሉ ባዶ ከመጣ የተለጣፊውን ንባብና የፓምፑን ግፊት ጻፍልኝ፤ ስለ ቢቱ ያኔ እናወራለን። እስከዚያው ባሬሉን ስትከፍት በጎን ቁም።