ጋሼ የእኔን ስታርበክ አልቀበልም አሉ

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜና እኔ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጋሼ በሱዳን በኩል አሜሪካ የገቡት በ1975 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝኛው ገና ሳይገባቸው በቴሌቪዥን በድጋሚ ሲታይ አግኝተው የወደዱት የመጀመሪያው ተከታታይ ፊልም የድሮው «ባትልስታር ጋላክቲካ» ነበር። እኔ ደግሞ የምወደው እ.ኤ.አ. በ2003 እንደ አዲስ የተሠራውን ነው። በድሮው ስታርበክ የሚባለው የጦር አብራሪ ወንድ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ከምሳ በኋላ በዚህ ጉዳይ ተጣላን። «ስታርበክን ሴት አደረጓት፣ ታሪኩን አጨለሙት፣ የወሰዱት ስሙን ብቻ ነው» አሉኝ። እኔም በንዴት የእርስዎ የልጆች ጨዋታ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሱም። ከሁለታችን ልክ ማን ነው?

ታናሽ ወንድም

መልስ፦ «የልጆች ጨዋታ» ያሉትን በቅድሚያ ይቅርታ ይጠይቁበት። ስለ ፊልሙ መነጋገር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ልናገር። በ12 ዓለማት የሚኖሩ ሰዎች ሳይለን ከሚባሉ ሮቦቶች ጋር ሰላም ልናወርድ ነው ብለው ሲዘናጉ በአንድ ቀን ይጨፈጨፋሉ። የተረፈችው አንዲት የጠፈር ጦር መርከብ፣ ጋላክቲካ፣ ያገኘችውን አሮጌ መርከብ ሁሉ አስከትላ ምድር የምትባል አገር ፍለጋ ትወጣለች። ምድርን ከመካከላቸው ያያት የለም። ስሟን የሚያውቁት ከጥንት አፈ ታሪክ ነው።

አሁን ወንድምዎን ያስቧቸው። አገራቸውን ጥለው፣ ሱዳን ከርመው፣ በማያውቁት ከተማ በአንዲት ክፍል ተቀምጠው ይህንን ያያሉ። ሌላው ተመልካች የጨረር ተኩሱን ሲያይ እርሳቸው መርከቦቹ ውስጥ የታጨቀውን ሕዝብ ነበር የሚያዩት ብዬ አምናለሁ።

የድሮዎቹ አድናቂዎች ቅሬታ ደግሞ ሌላም ሥር አለው፤ እናንተ ወጣቶቹ ይህን ስትዘነጉ ያሳዝነኛል። የግሌን ላርሰን ተከታታይ ፊልም ኤቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 ነው። አንዱ ክፍል ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 በጥድፊያ ቅጥያ ተሠራለት፤ ብዙ አድናቂዎች ግን ከታሪኩ አይቆጥሩትም። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች መርከቦቹ ከ20 ዓመት በላይ መንገድ ላይ ቀሩ። በድሮው አፖሎ የሚባለውን አብራሪ ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ሃች ታሪኩ ካቆመበት እንዲቀጥል ለዓመታት ለመነ፤ የራሱን ገንዘብ አውጥቶም ማሳያ ፊልም ሠራ። በመጨረሻ የመጣው ግን ቀጣዩ ምዕራፍ አልነበረም። የአዲሱ ጸሐፊ ሮናልድ ሙር ሁሉንም ከሀ ጀመረው። «ይቀጥልልን» ያለ ሰው «እንደገና ተጀምሯል» ሲባል ቢቆጣ አልፈርድበትም።

በስታርበክ ጉዳይ ግን ከወንድምዎ ጋር አልስማማም። የድሮው ስታርበክ ዲርክ ቤኔዲክት ራሱ ገጸ ባሕሪዋ ሴት መሆኗን የሚነቅፍ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ተሳስቷል እላለሁ። አዲሷን ስታርበክ የተጫወተችውን ኬቲ ሳክሆፍን ልብ ብላችሁ እዩአት። ሲጋራው አለ፣ የካርታ ጨዋታው አለ፣ ለአለቃ አለመታዘዙ አለ፣ ከሁሉ በላይ የሚበረው እጅ አለ። የተጨመረባት ሐዘን ነው፤ ሐዘኑም ያምርባታል።

ወንድምዎ ሊሉ የፈለጉት፣ ያልተናገሩት ግን ሌላ ይመስለኛል። እኔ አዲሱን ያየሁት በ1999 ዓ.ም. ፒያሳ ከአንድ ዲቪዲ አከራይ ተከራይቼ ነው። ድሮውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነውና በልጅነት ትዝታ አልዳኘሁም። የጋላክቲካ አዛዥ የሆነው የድሮው አዳማ ልጆቹን ሰብስቦ ማዕድ የሚቀርብ አባት ነው። የአዲሱ አዳማና ልጁ ሲገናኙ በወጉ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። በድሮው ዓለም ጠፍቶም ሳቅ ነበር። አዲሱ እውነተኛ የሆነውን ያህል ያ ሙቀት ጎድሎታል። ጋሼ «አጨለሙት» ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው፤ እኔም ናፍቆኛል።

ሆኖም «ስሙን ብቻ ወሰዱ» የሚለው እውነት አይደለም። አዲሱ ሲጀምር ጋላክቲካ አርጅታ ሙዚየም ልትሆን ነው። ለእይታ ከቀረቡት መካከል የ1978ቱ ሳይለን ቆሟል። ጥቃቱ ሲመጣ ቫይፐር የሚባሉት ዘመናዊ ተዋጊ አውሮፕላኖች ኮምፒውተራቸው ተጠልፎ ሰማይ ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ተነሥተው የሚዋጉት ለሙዚየም የተዘጋጁት አሮጌዎቹ ናቸው! መርከቧ የተረፈችውም አዛዡ ኮምፒውተሮቿ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ከልክሎ ስለነበር ነው። ድሮውን የሚንቅ ሰው እንዲህ ያለ መክፈቻ አይጽፍም።

ሪቻርድ ሃችም በኋላ አዲሱ ውስጥ ገብቶ ቶም ዛሬክ የሚባለውን ገጸ ባሕሪ ተጫወተ። ያንን ሁሉ ዓመት ደክሞለት ሕልሙ በሌላ እጅ ሲሠራ፣ ኩርፊያውን ትቶ ሌላ ሰው ሆኖ በካሜራ ፊት መቆሙ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ስልክ መደወሉን ይተዉና ቤታቸው ይሂዱ። ቡና ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ ከድሮው እርሳቸው የመረጡትን አንድ ክፍል ያሳዩዎት፤ ሲያዩም ስለ ሮቦቶቹ አሠራር አስተያየት አይስጡ። ከዚያ የአዲሱን ሁለተኛ ምዕራፍ ስምንተኛ ክፍል ይክፈቱላቸው። አንዲት ጋዜጠኛ ስለ መርከቧ ሠራተኞች ዘገባ የምትሠራበት ክፍል ነው። መጨረሻው ላይ የ12ቱ ዓለማት ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የሚሰማው ዜማ የ1978ቱ መግቢያ ሙዚቃ ነው። አስቀድመው አይንገሯቸው። ድምፁን ብቻ ከፍ ያድርጉት።