ኤሰን መጥታ የወሰደችው ሰፈር

ጥያቄ፦ እህቴ ጀርመን፣ ኤሰን ከተማ፣ ካተርንበርግ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ጎረቤቷ፣ አንድ ሽማግሌ፣ «እኛ ኤሰን አልገባንም፤ ኤሰን ናት መጥታ የወሰደችን» አሉኝ። እዚያው አካባቢ ደግሞ «ጾልፈራይን» የተጻፈበት ትልቅ የብረት ማማ አለ። ነገሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሽማግሌው ልክ ናቸው። ካተርንበርግ ወደ ኤሰን የተጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ድሮ የገበሬ መንደር ነበር። ፍራንትስ ሃኒየል የሚባል ባለሀብት በ1847 የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ማስቆፈር ሲጀምር ግን ሁሉ ነገር ተገለባበጠ። ጾልፈራይን የማዕድን ማውጫው ስም ነው፤ ትርጉሙ «የጉምሩክ ኅብረት»። የጀርመን ግዛቶች ያኔ የጋራ ጉምሩክ ስለነበራቸው ስሙን ከዚያ ወሰዱት።

ሠራተኛው እስከ ምሥራቅ ፕሩሺያ (ያኔ የጀርመን ምሥራቃዊ ጫፍ) ካለው አገር ሁሉ ጎረፈ። ኩባንያው ቤት ሠራላቸው፤ ከጀርባው ጓሮና ትንሽ በረት። ድንች ይተክላሉ፣ አሳማ ያደልባሉ፣ ፍየል ያልባሉ። ፍየሏን «የማዕድን ሠራተኛ ላም» ነበር የሚሏት። (እኛ ጋ ፍየልን ላም ያለ ሰው «ደህና ነህ?» ነው የሚባለው።) ደግነት ብቻ እንዳይመስልዎ ታዲያ፤ ቤቱ የኩባንያው ስለሆነ ሥራውን የለቀቀ ቤቱንም ይለቅ ነበር።

ያዩት ማማ የጾልፈራይን 12ኛ ጉድጓድ ነው። ሹፕና ክሬመር የሚባሉ አርክቴክቶች ነደፉት፣ በ1932 ሥራ ጀመረ፣ በቀን 12,000 ቶን ገደማ ከሰል ያወጣ ነበር። በታኅሣሥ 1986፣ ፈረንጆቹ ገናቸውን ሊያከብሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ተዘጋ። በ2001 ዩኔስኮ መዘገበው። ከሰሉ ይታጠብበት የነበረው ሕንፃ አሁን ሙዚየም ነው፤ ብርቱካንማ ቀለም ባለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው የሚወጣው።

እኔን የሚገርመኝ ግን መሬቱ ነው። ከስሩ ከሰሉ ሲወጣ ላዩ ሰመጠ፤ ኤሰን ባለችበት በሩር አካባቢ ከ20 ሜትር በላይ የወረደ ቦታ አለ። ውሃው መውጫ አጥቶ ሐይቅ እንዳይሆን ፓምፕ ቀን ከሌት ይስባል። ጀርመኖች ይህን «የዘላለም ሥራ» ይሉታል፤ ማዕድኑ ቢዘጋም ፓምፑ አይዘጋም።

ሌላ ጊዜ ሲሄዱ ሽማግሌውን «ግሉክ አውፍ!» ይበሏቸው፤ የማዕድን ሠራተኞች ሰላምታ ነው። ኳስ ከወደዱ ደግሞ ሄልሙት ራህንን ያንሱባቸው። በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጀርመን ሃንጋሪን 3 ለ 2 ስታሸንፍ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው የዚያው የካተርንበርግ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ቶሎ እወጣለሁ ብለው አያስቡ።