ዝም ብሎ መቅረት

አሜሪካ በገባሁ በዓመቴ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተመዘገብኩ። ሌሊት ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ጠዋት ክፍል እገባለሁ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የሒሳቡ ክፍል ከበደኝ። ምን አደረግኩ? ቀረሁ። ለማንም ሳልናገር። እኔ ትቼዋለሁ ብዬ ተኛሁ፤ ሬጅስትራር (የምዝገባ ቢሮው) ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኤፍ ታቅፌ ቁጭ አልኩ። (አሁን አካውንታንት ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም።)

ልጆች፣ ይህን የምነግራችሁ ዘንድሮም በዚያው መንገድ የሚጠፉ ልጆች ስለማይ ነው። እስከ ቀነ ገደቡ በይፋ ብታቋርጡ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ደብልዩ (ዊዝድሮው፣ አቋርጧል ማለት ነው) ይጻፋል። ደብልዩ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) አይነካም፤ ኤፍ ግን ዜሮ ሆኖ ይደመራል። ደብልዩም ቢሆን አይደጋገም። የፌዴራል እርዳታ ላይ ያለ ተማሪ ከወሰደው ክሬዲት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ደብልዩ ደግሞ እንዳልጨረሳችሁት ይቆጠራል። ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው ነጻ ገንዘብ) አይመለስም ሲባልም አትዘናጉ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ሁሉንም ክፍል ከተዋችሁ ከፊሉ ይመለሳል፣ ዕዳውም እናንተው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከማቋረጣችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ጎራ በሉ።

የኛ ሰው ትልቁ ጣጣ ይሉኝታ ነው። አገር ቤት አስተማሪ ቢሮ የሚጠራው ያጠፋ ልጅ ነው። እዚህ ኦፊስ አወር ማለት አስተማሪው እናንተን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ክፍሉን ስደግም እንደምንም ደፍሬ ገባሁ። መምህሯ «ምኑ ነው የከበደህ?» አለችኝ። «ሁሉም» አልኳት። አንድ ጥያቄ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረገችኝና ነገሩ ገባት። ስሌቱን እችለዋለሁ። የከበደኝ የጥያቄው እንግሊዝኛ ነበር። በነጻ የሚያስጠናኝ ሰው ወዳለበት ክፍል ላከችኝ፤ ቢ አመጣሁ።

የአካውንታንት ነገር፣ አንድ ሌላ ስሌት። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ይበቃል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዲግሪ ግን 60 ክሬዲት አካባቢ ነው። 12 በአራት ሴሚስተር 48 ነው፤ በሁለት ዓመት አያልቅም። ሌሊት የሚሠራ ልጅ 15 ይጫን አልልም፤ የበጋውን (የሰመር) ትምህርት ተጠቀሙበት። ኖቫ (ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የምትማሩ ደግሞ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስላለው፣ ወደዚያ ስለሚያሻግረው አድቫንስ ፕሮግራም ገና ስትጀምሩ ጠይቁ።

የማቋረጫው ቀን የኮሌጁ ካላንደር ላይ አለ። ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ አስገቡት፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጩህ።