ጥያቄና መልስ፦ «ከርተን» እና «ከርቴይል» ዘመዳሞች ናቸው?

ስለ ድሮው እንግሊዝኛ የመጋረጃና የማሳጠር ቃላት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ከርተን» መጋረጃ ነው፤ «ከርቴይል» ደግሞ ማሳጠር፣ መቀነስ። ሁለቱም «ከርት» ብለው ነው የሚጀምሩት። መጋረጃ ብርሃንን ስለሚቆርጥ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ ምንም ዝምድና የላቸውም። «ከርተን» የመጣው ከላቲኑ «ኮርቲና» ነው። ኦሪት ዘጸአት 26፥1 ላይ ያሉት የማደሪያው ድንኳን አሥር መጋረጆች በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ የተጠሩት በዚህ ስም ነው። ግሪኮች «አውላያ» የሚለውን የመጋረጃ ስም ያወጡት «አውሌ» ከሚለው የግቢ ስም ነው፤ ላቲኑም ያንኑ ፈለግ ተከትሎ ከራሱ የግቢ ቃል አወጣ። ከዚያ በድሮው ፈረንሳይኛ አልፎ በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ገባ። በሥሩ ያለው ሐሳብ መከለል ነው። «መጋረጃ»ን ከ«ጋረደ» ላወጣ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

«ከርቴይል» ግን ከፈረስ ጋጣ የወጣ ቃል ነው። በፈረንሳይኛ «ኩር» አጭር ማለት ነው፤ ከእሱ የወጣው «ከርተል» በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ጭራው የተቆረጠ ፈረስ ማለት ነበር። ቃሉ ከፈረሱ ወደ ሌላም አጭር ነገር ተዛመተ፤ አፈሙዙ ያጠረ መድፍም፣ «ባሱን» ለሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ ቅድመ አያት የሆነው የትንፋሽ መሣሪያም «ከርተል» ተባሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጭራ ማለት የሆነው «ቴይል» በቃሉ ውስጥ አለ ማለት ነው?

መልስ፦ በጽሕፈቱ አለ፣ በሥሩ ግን የለም። ሰዎች የፈረሱን ጭራ እያሰቡ የ«ከርተል»ን መጨረሻ «ቴይል» አስመስለው መጻፍ ጀመሩ፤ አነባበቡም ቀስ በቀስ ጽሕፈቱን ተከተለ። ማስረጃው በጆሮ ይሰማል። በ1597 በታተመው የሼክስፒር «ሪቻርድ ሦስተኛ» መጀመሪያ ላይ ሪቻርድ ተፈጥሮ መልኬን አጎደለችብኝ እያለ ሲያማርር እንዲህ ይላል፦ «አይ ዛት አም ከርቴይልድ ኦቭ ዚስ ፌር ፕሮፖርሽን»። የስንኙ ምት የሚያርፈው በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ8ኛውና በ10ኛው ክፍለ ቃል ነው። በጣትዎ ይቁጠሩት፤ 4ኛው «ከር» ነው፣ 5ኛው «ቴይልድ»። ጭራው እየተጻፈ እንኳ ድምፁ የሚጎላው ገና በፊተኛው ላይ ነበር። ዛሬ እንደምንለው «ቴይል»ን አጉልተው ካነበቡት ስንኙ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ «ከርተን» ከመግባቱ በፊት እንግሊዞች መጋረጃን ምን ይሉት ነበር?

መልስ፦ «ዋህሪፍት»፤ የግድግዳ ጨርቅ ማለት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ወንጌል፣ ማቴዎስ 27፥51 ላይ ከሁለት የተቀደደው የቤተ መቅደሱ መጋረጃ በዚህ ስም ነው የተጻፈው።

ሁለተኛው ቃል ይበልጥ ይማርካል፦ «ፍሌዮህኔት»፣ የዝንብ መረብ። በ1000 ገደማ በተጻፈ ብራና የተረፈው የዮዲት ግጥም የአሦሩን የጦር አለቃ የሆሎፎርኒስን የአልጋ መጋረጃ በዚህ ስም ይጠራዋል። ከወርቅ የተሠራ ነው፤ እሱ ከውስጥ ሆኖ የገባውን ሁሉ ያያል፣ እሱን ግን ማንም አያየውም። በግሪኩ መጽሐፈ ዮዲት ቃሉ «ኮኖፔዮን» ሲሆን የወጣው «ኮኖፕስ» ከሚለው የትንኝ ስም ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ «ካኖፒ» የመጣው ከዚሁ ነው። በአማርኛ «አጎበር» ብለን ብንተረጉመው ከሥሩ ጋር ልክ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ የድሮ ጽሑፍ ሳነብ «ከርተን» ሲል የመስኮት መጋረጃ ብዬ ልውሰደው?

መልስ፦ መጀመሪያ አልጋውን ያስቡ። ትልቁ አልጋ አራት ምሰሶ ነበረው። ከላይ የሚሸፍነው ጣሪያ «ቴስተር» ይባላል፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠለጠለው አጭር ጨርቅ «ቫላንስ»፤ ዙሪያውን የሚሳበው «ከርተን»። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሥዕላዊ ጨርቅ ሌላ ነው፤ በተሸመነበት በፈረንሳዩ የአራስ ከተማ ስም «አራስ» ይባል ነበር። በሼክስፒር ቴአትር በ«ሐምሌት» የንጉሡ አማካሪ ፖሎኒየስ የሚገደለው ከዚህ ጨርቅ ኋላ ተደብቆ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፦ «ድሮው» (draw) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ መጋረጃን መሳብ ነው እንጂ ራሱን ችሎ መክፈት ወይም መዝጋት አይደለም። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ሳያዩ አይተርጉሙት፤ ብርሃን ከገባ ተከፍቷል፣ ሰው ከተደበቀ ተዘግቷል።

ጥያቄ፦ በ1577 ለንደን ውስጥ የተከፈተው «ከርተን» ቴአትር ስያሜው ከመድረክ መጋረጃ ነው?

መልስ፦ አይደለም። «ከርተን ክሎዝ» ከሚባለው የሾርዲች ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ቃሉ የያዘው የጥንቱን የግቢ ትርጉም ነው። በዘመኑ እንዲህ ዓይነት ቴአትር ቤቶች ከመድረኩ ፊት መጋረጃ አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ ለ«ከርቴይል» እውነተኛ ዘመዶቹ እነማን ናቸው?

መልስ፦ የቅርቡ «ከርት» ነው፤ በአጭሩ ቆረጥ አድርጎ የሚናገር ሰው ጠባይ። የላቲን ሥሩ «ኩርቱስ»፣ የተቆረጠ ማለት፣ ራሱ መቁረጥን ከሚያመለክት እጅግ ጥንታዊ ሥር ይመዘዛል። «ሾርት»ም ከዚያው ሥር ነው፤ ሸሚዝ የሆነው «ሸርት» እና ቀሚስ የሆነው «ስከርት»ም እንዲሁ፤ ሁለቱ መነሻቸው አጭር ልብስ ነው።

ጥያቄ፦ «አብሪጅ»ስ? ማሳጠር ነው፣ ግን ድልድይ ማለት የሆነው «ብሪጅ» አለበት።

መልስ፦ ድልድዩ የጆሮ ማታለያ ነው፤ ቃሉ አጭር ከሚለው ከላቲኑ «ብሬቪስ» የወጣ የ«አብሪቪዬት» መንትያ ነው። እንዲህ ሲያጠራጥርዎ በታሪካዊ መዝገበ ቃላት ውስጥ መጀመሪያ ከነዓመቱ የተመዘገበውን ጥንታዊ ጽሕፈት ይፈልጉ፤ ቀጥሎ ቃሉ ያኔ ለምን ዕቃ ይውል እንደነበር ይዩ። የዛሬውን ጽሕፈት በመጨረሻ ያስገቡት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከእሱ ስለሚጀምር ነው።