ከባሌስትራ ካታና፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ሳምንት አዲሱን ጎራዴዬን ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄ ጎርፎብኛል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምጽፍ እዚሁ ሰብስቤ ልመልስ ብያለሁ። ለማታውቁኝ፦ የምኖረው ጅማ ነው። መተዳደሪያዬ ብየዳና የባሌስትራ ጥገና ነው። ከስምንት ዓመት ወዲህ ማታ ማታና እሁድ እሁድ ካታና የሚባለውን የጃፓን ዓይነት ጎራዴ እሠራለሁ። አሥራ አንድ ጀምሬ ስድስቱን ጨርሻለሁ። ከቀሩት አንዳንዶቹ ለምን እንደቀሩም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጎራዴ ከሁሉም ጠንካራው ብረት የትኛው ነው?

ይህን ከአሥር በላይ ሰው ጠይቆኛል። መጀመሪያ «ጠንካራ» የምትለዋን ቃል እናጥራት። በአንዷ ቃል ሁለት ነገር እንጠራባታለን። ሞረድ ጠንካራ ነው እንላለን፤ ሌላውን ብረት ይበላል፣ ግን ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊሰበር ይችላል። ባሌስትራም ጠንካራ ነው እንላለን፤ እሱን ደግሞ ሞረድ ይበላዋል፣ ግን ጭነት ተሸክሞ ኮረኮንች ላይ ዓመታት ሲታጠፍና ሲቃና ይኖራል። እኔ የመጀመሪያውን «ደረቅ»፣ ሁለተኛውን «ብርቱ» እላለሁ። ከዚህ በታች በዚሁ እቀጥላለሁ።

ጎራዴ ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለቱ ደረቅ ካልሆነ ይታጠፋል። አካሉ ብርቱ ካልሆነ ይሰበራል። 70 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ብረት ሲወዛወዝና አንድ ነገር ሲመታ የሚደርስበት ጫና ከሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ለቢላዋ ምርጥ የሆነ ደረቅ ብረት ለጎራዴ ክፉ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ምርጫ በፋብሪካ ስሙ 5160 የሚባለው ነው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ፣ ክሮሙ 0.8 በመቶ ገደማ ነው። የተፈጠረው ለባሌስትራ ነው፤ ለብርታት ማለት ነው። 9260 የሚባለውም የባሌስትራ ብረት ነው፤ እሱ 2 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለበት፤ ተጣጥፎ ወደ ቦታው በመመለስ ይታወቃል። ኤል6 የሚባል ኒኬል ያለበት ብረትም አለ። አሜሪካዊው አንጥረኛ ሃዋርድ ክላርክ ከእሱ በሠራቸው ጎራዴዎች ስሙ ተጠርቷል። የእሱ አሠራር ግን ሙቀቱ ልክ የተያዘ የቀለጠ ጨው ገንዳ ይጠይቃል። ለእኛ ሰፈር ወርክሾፕ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ጃፓኖች ብረቱን ሺህ ጊዜ ያጥፉታል ይባላል። አንተስ ስንቴ አጠፍከው?

አንዴም አላጠፍኩትም። እነሱም ሺህ ጊዜ አያጥፉም፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ነው። አሥር ጊዜ ስታጥፈው ግን 1,024 ንብርብር ይሆናል፤ ወሬው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ማጠፋቸው ለጌጥ አይደለም። ታማሃጋኔ የሚሉት ብረታቸው ታታራ በሚባል የሸክላ ምድጃ ከብረት አሸዋና ከከሰል ነው የሚወጣው። ዛሬም ሺማኔ በምትባለው ግዛት እሳቱ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳይጠፋ ይነዳል። የሚወጣው ብረት አንዱ ቦታ ካርቦን በዝቶበት፣ ሌላው ቦታ አንሶበት፣ መሐሉ የብረት አር (ቆሻሻ) ይዞ ነው። ሲታጠፍና ሲቀጠቀጥ አሩ ይወጣል፣ ካርቦኑ ይዳረሳል። የፋብሪካ ብረት ይህን ሥራ ጨርሶ ነው የሚመጣው። እሱን ማጠፍ የሚጨምረው መልክ ብቻ ነው፤ እጥፋቱ በእሳትና በመዶሻ በደንብ ካልተበየደ ደግሞ ድክመት ይጨምራል። የድሮዎቹን ጌቶች የማከብራቸው ከእንደዚያ ያለ ብረት እንደዚያ ያለ ጎራዴ ስላወጡ ነው።

ጥያቄ፦ ባሌስትራውን ከየት አመጣኸው? የተጣለ ቢሆን ችግር አለው?

አለው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሠራሁት ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ የሚጣለው ስለደከመ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጎራዴዬ ቅርጹ አልቆ፣ ተነክሮ (ግሎ በአንዴ ቀዝቅዞ)፣ ተለዝቦ (ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ በልኩ እንደገና ሞቆ) ነበር። ሳጠራው ከጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወጣበት። የአራት ወር ሥራ ነው። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። አሁን ያልተገጠመ አዲስ ነው የምገዛው።

አዲስም ቢሆን ትክክለኛ ዓይነቱን በእርግጠኝነት አታውቁም። ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ፈትኑ። አግሉት፣ ዘይት ውስጥ ንከሩት፣ ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመዶሻ ስበሩት። ስትሰብሩ መነጽር አድርጉ፣ በጨርቅም ሸፍኑት። ከታጠፈ በቂ ካርቦን የለውም፣ ተዉት። ከተሰበረ ስብራቱን እዩ። እንደ ስኳር ከጎረበጠ ከልክ በላይ ግሏል። ግራጫ ሆኖ እንደ ጤፍ ዱቄት ከላመ ብረቱም ሙቀቱም ልክ ነው።

ጥያቄ፦ (ከአጋሮ) ቴርሞሜትር የለኝም። ብረቱ በቂ እንደጋለ በምን አውቃለሁ? የእኔ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀብኝ።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የሥራው ልብ ነው። የብረቱ ስም ከመንገዱ ግማሹን እንኳ አያደርስህም። የቀረው እሳቱ ነው።

በምን እንደነከርከው አልነገርከኝም፤ ውሃ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። 5160 ክሮምና ማንጋኒዝ ስላለበት ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም ይደርቃል። ውሃ ግን በድንጋጤ ያኮማትረዋል። አራተኛው ጎራዴዬ ውሃ ውስጥ «ጠሽ» ሲል ሰምቻለሁ። የዚያ ድምፅ ትርጉም አንድ ብቻ ነው። ጃፓኖች በውሃ የሚነክሩት ብረታቸው ቀላል የካርቦን ብረት ስለሆነ ነው፤ ቶሎ ካልቀዘቀዘ አይደርቅላቸውም።

አሁን ስለ ሙቀቱ። መጀመሪያ ቅርጹ ካለቀ በኋላ ሦስት ጊዜ አግለህ በአየር ብቻ አቀዝቅዘው። መዶሻው የቋጠረበትን ውጥረት ይፈታል፣ የብረቱን ቅንጣት ያልማል። ከዚያ ለመንከር ስታግል ማግኔት ይኑርህ። ብረት 770 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል፤ ገና ነው። ቀጥሎ ጥቂት የገበታ ጨው በትንበት። ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው። ፈስሶ እንደ ላብ ሲያብረቀርቅ ከሚፈለገው 830 ገደማ ጥቂት ነው የሚቀርህ። ያኔ ቀለሙን ልብ ብለህ ያዘው። ይህን ሁልጊዜ ሲመሽ አድርግ። በቀትር ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለም ያታልላል።

ትልቁ ፈተና 70 ሳንቲ ሜትሩን እኩል ማጋል ነው። እኔ በርሜል ለሁለት በርዝመቱ ሰንጥቄ፣ ውስጡን በጭቃ ለስኜ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ዘርግቻለሁ። በከሰል ነው የምሠራው። ጎራዴውን እሳቱ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ሳላቋርጥ አንቀሳቅሰዋለሁ። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይግላል፤ እሱን ከእሳቱ እያወጣህ አሳርፈው።

ዘይቱ የምግብ ዘይት ይሁን፤ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቀው፣ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድም። ዕቃው የብረት ይሁን፣ ክዳን ይኑረው፣ አጠገብህ አሸዋ አስቀምጥ። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፋበት! የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አትጠቀም፤ ጭሱ ሳንባህን ይጎዳል። ቀጥ አድርገህ አስገባ። ሲወጣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ገና ይታዘዛል፤ ከተጣመመ በወፍራም ጓንት ያኔውኑ አቅናው። ከዚያ በኋላ ከነካኸው ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ከነከሩት በኋላ ማለዘብ የግድ ነው?

የግድ ነው፤ ዛሬ ነገ ሳይባል በዚያው ምሽት። የተነከረ ጎራዴ እንደ ሞረድ ደረቅ ነው። ለማለዘብ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ አቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት። ከድርቀቱ ጥቂት ይሰጣል፣ ብርታቱን ይመልሳል።

ጎራዴ የሚያስገባ ምድጃ ቤት ውስጥ የለም። እኔ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ውለታ አለብኝ። የማታው ዳቦ ከወጣ በኋላ ምድጃቸውን ይለቁልኛል። ምድጃቸው ላይ የራሳቸው ቴርሞሜትር አለ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «ትንሽ ጨምሬ ላለስልሰው» ብላችሁ ወደ 300 አትውሰዱት። በግምት ከ260 እስከ 370 ባለው መካከል እንዲህ ያለ ብረት ድርቀቱንም አጥቶ ተሰባሪም ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር በስሜት አይገመትም፤ እኔም ያመንኩት ቁራጮች አልዝቤ ከሰበርኩ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ስለቱ ላይ ያለው እንደ ሞገድ የሚሄድ ነጭ መስመር ያንተ ላይ ለምን የለም?

ሃሞን ይባላል። ከመንከር በፊት ጀርባውን በጭቃ ወፍራም አድርገው ይለብጡታል፤ ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይደርቃል፣ ጀርባው ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ለስላሳ ይቀራል። መስመሩ የሁለቱ ድንበር ነው። ካታና የሚቆለመመውም በአብዛኛው ያኔ ነው፤ የደረቀው ስለት መጠኑ ስለሚጨምር ጀርባውን ይገፋዋል። 5160 ጭቃ ሥርም ቢሆን ስለሚደርቅ ደማቅ ሃሞን አይሰጥም። የእኔን ቁልምም ቀድሜ በመዶሻ ነው ያወጣሁት። በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። አላደርገውም፤ የሌለውን እንዳለው ማሳየት ነው።

ጥያቄ፦ ልኩን ንገረን።

ስለቱ 70 ሳንቲ ሜትር። ጀርባው ከእጀታው አጠገብ 7 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ አካባቢ 5። ስፋቱ ከ31 ሚሊ ሜትር ወደ 22 ይወርዳል። ክብደቱ ከነእጀታው 1.1 ኪሎ። ውፍረቱ ወደ ጫፍ እየሳሳ መሄዱን ችላ አትበሉ። እኩል ውፍረት ያለው ጎራዴ እጅ ላይ እንደ ፌሮ ነው የሚከብደው።

ሌላው፦ እጀታ ውስጥ የሚገባው ክፍል ከስለቱ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ሹል አድርጋችሁ አትቁረጡት። ክብ አድርጉት። ስብራት የሚጀምረው ከሹል ጥግ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ርካሽ የማይዝጉ ጎራዴዎች ብዙዎቹ እዚያ ጋ የተበየደ ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው ያላቸው። እነሱን አታወዛውዙ፤ ተነቅሎ ሰው ላይ ይበራል።

ጥያቄ፦ እጀታውና አፎቱ ከምን ነው?

ከዋንዛ። ጃፓኖች ሆ የሚሉትን ለስላሳ እንጨት ይመርጣሉ፤ ብረቱን እንዳይቧጭር። ዋንዛም ለመፈልፈል ይታዘዛል። አፎቱን የሠራልኝ በርጩማ የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የጅማ እጅ ከእንጨት ምን እንደሚያወጣ ያውቃል። እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው አንድ የቀርከሃ ችንካር ነው፤ ሜኩጊ ይሉታል። ቀርከሃ ጭረቱ ረጅም ስለሆነ በአንዴ አይቆረጥም። ጃፓኖች እጀታውን በሚለብጡበት የዓሣ ቆዳ ፋንታ ያልለፋ የፍየል ቆዳ ተጠቅሜያለሁ።

ጥያቄ፦ የራሳችን ጎራዴና ሾተል እያለ ለምን የጃፓን?

ተገቢ ጥያቄ ነው። የድሮ ጎራዴዎቻችንን እወዳቸዋለሁ። ግን ብዙዎቹ ላይ ያለው ብረት ዞሊንገን ከምትባል የጀርመን ከተማ የመጣ ነው። የጃፓኑን የመረጥኩት እያንዳንዱ ልኩና ምክንያቱ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው፤ ለብቻው ለሚማር ሰው ያ ትልቅ ነገር ነው። ሾተል ግን በዝርዝሬ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ (ከአንዲት እናት) ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ካልሠራሁ ብሎ አስቸገረኝ።

እህቴ፣ ጎራዴ አይጀምር። ትንሽ የወጥ ቤት ቢላዋ ይሥራ፤ ሁሉም ትምህርት እዚያ ውስጥ አለ። መነጽርና ጭንብል ያድርግ። ቆርቆሮ የመሰለ ዚንክ የተቀባ ብረት እሳት ውስጥ እንዳይከት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ትልቅ ሰው ሳይኖር እሳት አይጀምር። ጅማ ከሆናችሁ እሁድ ይዘሽው ነይ።

ጥያቄ፦ ከማን ተማርክ?

መዶሻውን ከሰቃ መንገድ ላይ ገጀራና ዶማ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ። አገሬው ቱምቱ ይላቸዋል፤ ልጅ ሳለሁ ቃሉ ሲነገር ፊት ያጠቁር ነበር። ዶማቸውን ገዝቶ እህል ያመርትበታል፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጃፓን ውስጥ ጎራዴ ሠሪ ለመሆን ፈቃድ ባለው ጌታ ሥር ቢያንስ 5 ዓመት ይማራሉ፤ መንግሥት ለታላላቆቹ የሀገር ቅርስ የሚል ማዕረግ ሰጥቷል። አባባ የብረት ቀለም ሲያዩ እኔ በማግኔትና በጨው የማረጋግጠውን በዓይናቸው ያውቁታል። ስድስተኛውን ጎራዴ ወስጄ አሳየኋቸው። በጥፍራቸው መታ አድርገው አዳመጡት። «አልተሰነጠቀም» አሉ። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ምስክርነት የለም።

ጥያቄ፦ ትሸጥልኛለህ?

አይ። እኔ ከወርክሾፔና ከቤቴ ውጭ ይዤው አልወጣም፤ ማን እጅ እንደሚገባ ሳላውቅም አልሰጥም።

ጥያቄ፦ በጅማ ዝናብ አይዝግም?

ይዝጋል፤ 5160 ከዝገት አያመልጥም። በየሁለት ሳምንቱ አሮጌውን ቅባት በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ የስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርጌ እቀባዋለሁ። የምግብ ዘይት አትቀቡ፤ ይደርቅና ይሙጫል። በባዶ ጣት ስለቱን ከነካችሁ በዚያው ሰዓት ጥረጉት፤ ላብ በክረምት ብረቱን ለማዛግ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።